የምታኝከው በየት በኩል ነው?

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ በፊት የናፍቆት ሰላምታዬ አንተ ካለህበት፣ ከስፌት መኪናህ አጠገብ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ እትዬ እንዴት ናት? እማዬስ፣ ያ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ያ ትንሹ ጉደኛስ ዛሬም የደንበኛ ልብስ ቁልፍ ይውጣል? የመኪናህ ቀበቶ ተቀየረ ወይስ አሁንም በጎማ ቁራጭ አስረህ ነው የምትሰፋው? ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ደጃፍህ ላይ ተቀምጦ ወሬ የሚያወራው ሁሉ እንዴት ነው?

እኔ እንደ ወጉ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ይገባኝ ነበር። አልልም። ቆሽቴ አሯል። ከእሁድ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞር ብሎኛል፤ ካርድ ክፍል ውስጥ መሳቢያ ስዘጋ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞር ይላል። ያናደድከኝ ደግሞ አንተ ነህ። ታላቄ ነህ፣ እንደ አባት ያሳደግኸኝ ነህ፣ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ አይቼህ አላውቅም፤ ለዛሬ ግን ይቅር በለኝ። ከላይ ለጠየቅኩት ሰላምታ ሁሉ ሁላችንም ደህና ነን የሚል መልስ ከመጣልኝ ወረቀቱን ቀድጄ ነው የምጥለው።

እትዬ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ስልክ ደውላ ሁሉንም ዘርግፋልኛለች። አትቆጣት። ከተቆጣሃት ከእኔ ጋር ነው የምትጣላው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግራ ጉንጭህ አብጦ፣ በዚህ ሙቀት የአንገት ልብስ እስከ ጆሮህ ጠቅልለህ፣ ደንበኛ ሲጠይቅህ ጉንፋን ነው እያልክ መክረምህን ነገረችኝ። የሰው ትከሻ ስትለካ ሜትሩን በአንድ እጅህ ይዘህ ሌላውን እጅህን ከጉንጭህ እንደማታነሳ። ጠዋት ስትነሳ አፍህን መራራ ነገር እንደሚሞላው። ቅርንፉድ ጥርስህ ሥር ወትፈህ፣ ማስታገሻውን እንደ ከረሜላ እንደምትውጠው። ደግሞ ትንሿን መቀስ በክር አስረህ አንገትህ ላይ ማንጠልጠል ጀምረሃል አሉ። እሷ የነቃችብህ በዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክር በጥርሱ ሲበጥስ የኖረ ልብስ ሰፊ ድንገት መቀስ ካንጠለጠለ አንድ የደበቀው ነገር አለ ብላ አፍህን በግድ አስከፈተችህ።

እኔም ወዲያው ደወልኩልህ። አንስተህ፣ ኧረ ደህና ነኝ፣ እሷ ነገር ማጋነን ትወዳለች፣ አሁን ደንበኛ መጣብኝ ብለህ ዘጋህብኝ። እሁድ እሁድ ሱቅህ ዝግ መሆኑን የረሳሁ መሰለህ? ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። እስከ መጨረሻው እንድታነብልኝ ነው የምፈልገው፣ ዘለህ ሰላምታው ላይ እንዳትደርስ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳህ። አንተን ያከመህ ዋናው ዶክተር ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። በክሊኒካችን በሦስት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን ያስሞሉ ሰዎችና አንተ እንደተደረገልህ ያለ የሥር ሕክምና፣ ያው ሩት ካናል የሚባለውን ያደረጉ ሰዎች ጥርሳቸው ከምን ደረሰ የሚል ጥናት ሠርቶ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ሊያቀርብ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ ካርድ ክፍል ያለን ሰዎች ሰው ጉንጩን ይዞ ሲገባ እንጂ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አናይም።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ መደወል ነው። ከየመሳቢያው አንድ መቶ ሰማንያ ካርድ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጽ አለ፤ ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ጥርስዎ እንዴት ነው ይላል። ከጥያቄው ቀጥሎ ሁለት ሣጥን አለ፣ አንዱ «ጤነኛ» ሌላው «ያልተሳካ»። በአንዱ ውስጥ ምልክት አድርጎ ወደ ሚቀጥለው ካርድ ማለፍ ነው። በቀን ሠላሳ ሰው እንድጨርስ ታዝዣለሁ።

ጋሼ፣ እኛ ሰዎች እንዴት ነህ ስንባል ምን እንደምንል አንተው ታውቀዋለህ። ቤቱ እላያችን ላይ እየነደደ ደህና ነን ተመስገን እንላለን። እውነቱን የምናወጣው ሦስተኛው እንዴት ነህ ላይ ነው፣ እሱም ጠያቂው አጥብቆ ከያዘን። ቅጹ ደግሞ የሚጠይቀው አንዴ ነው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ደህና ነኝ እያለችኝ ልጇ ከኋላ ሆና ውሸቷን ነው፣ ትናንት ስታለቅስ ነበር እያለች ስትጮህ ይሰማኛል። እናትየው ዝም በይ ብላ ልጇን ገሠጸችና ለእኔ ደግማ ደህና ነኝ አለችኝ። እኔም ጤነኛ ብዬ ሞላሁ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ጥርሱ ደህና ነው፣ ምንም አላለኝም አሉኝ። እሳቸውንም ጤነኛ አልኳቸው። በሳምንቱ ለሌላ ጥርስ መጥተው ያኛውስ ብላቸው ከኮት ኪሳቸው የክብሪት ሣጥን አውጥተው ከፈቱልኝ። ጥርሱ ውስጡ ነው፤ ከተነቀለ ዓመት አልፎታል። ታዲያ እንዴት ደህና ነው አሉኝ ብላቸው፣ እዚህ ሆኖ ምን ያገኘዋል ልጄ አሉኝ። ያን ዕለት እንባዬ እስኪወርድ ስቄ አለፍኩ። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው።

የአንተም ካርድ ከመቶ ሰማንያዎቹ አንዱ ነበር። አራት ወር ሆነው። ስደውልልህ የመኪናህ ድምፅ ቀጥ አለ፤ ድምፄን ስትሰማ ደስ እንዳለህ ታወቀኝ። ጥርስህ እንዴት ነው አልኩህ። ኧረ ደህና ነው፣ ክር ጭምር እበጥስበታለሁ፣ ዶክተሩን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ አልክ። እትዬ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ትኩስ ነገር አፍህ ካስገባህ ሁለት ወር ሆኖህ ነበር። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ አንተ ተናግረህ ሳትጨርስ ነው ምልክቱን ያደረግኩት። ሠላሳ ሰው መጨረስ ነበረብኝ። በዚህ በዚህ ራሴን ከአንተ የበለጠ ነው የተቀየምኩት።

እግዜር ይስጥልኝህንም አደረስኩልህ። ዶክተሩ እንዴት ደስ እንዳለው። መቶ ሰላሳ አንድ ሰው በስልክ አግኝቼ ነበር፣ መቶ ሃያ ሦስቱ ደህና ነን አሉ። ሒሳቡን ሲሠራው ከመቶ ዘጠና አራት ሆነለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚመጣውም ለሚሄደውም፣ ለመድኃኒት ነጋዴውም፣ ለቧንቧ ሠራተኛውም ሳይቀር ዘጠና አራት እያለ ሲናገር እኛ ከኋላው ስሙን ዘጠና አራት አልነው። በስልክ ያጣኋቸውን አርባ ዘጠኝ ሰዎች ምን ላድርጋቸው ብዬ ብጠይቀው፣ ያልተመለሰ ድኗል ብሎኝ አረፈ። ስብሰባው ላይ ለማሳያ የመረጠውም የአንተን ካርድ ነው። ክር የሚበጥስ ልብስ ሰፊ እያለ ሊያሳይህ።

እትዬ እሁድ ከደወለች በኋላ ግን አንድ ነገር ከዐይኔ አልጠፋ አለ። አባታችንን ምን እንደገደለው እኔና አንተ እናውቃለን። ሰው ድንገተኛ ትኩሳት ነው ብሎ ቀበረው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ ሰባት። ጉንጩ አብጦ፣ እብጠቱ አንገቱ ድረስ ወርዶ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ዛሬ ቀለል ብሎኛል እያለ ዘጠኝ ቀን ተኛ። በአሥረኛው ቀን ምራቁን መዋጥ አቃተው። በወሩ አንተ ትምህርትህን ትተህ መቀሱን አነሳህ። እኔ ከስንት ሥራ መርጬ ጥርስ ክሊኒክ ለምን እንደገባሁ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር። አንተ ግን ያን ጉንጭ ያየህ ሰው፣ ያንኑ ጉንጭ በአንገት ልብስ ሸፍነህ ለእኔ ደህና ነኝ አልክ። እንዴት ቻልክበት?

ለምን እንደደበቅከኝም እትዬ ነግራኛለች። እህቴ የምትሠራበት ቤት ነው፣ ስለ እሷ ብለው አክብረው ቶሎ አክመውኝ ተመልሼ አልተሻለኝም ብል ምን ይሏታል አልክ አሉ። በስድስት ወርህ ለራጅ ተመለስ ተብለህ የቀረኸውም በዚሁ ነው፣ ዶክተሩን ደጋግሜ አላስቸግርም ብለህ። ይሄ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንቱን ሰው እንደጨረሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እኔን እየመከርክ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። ዝም አይነቅዝም ስትልም ሰምቼሃለሁ። ያንተ ዝምታ ግን ነቅዟል ጋሼ፣ ሸትቷልም።

ማክሰኞ ጠዋት ካርድህን ይዤ ወደ አዲሷ ዶክተር ሄድኩ። ከመጣች ስድስት ወር አልሞላትም፤ ትንሽ ናት፣ ብዙ አታወራም። ራጅህን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ ቀኝ ዐይኗን ጨፍና አየችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ አሳየችኝ። ይሄ ጥርስ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሁለት ቀጭን ቦይ አለው፤ ራጁ ፊት ለፊት ስለተነሳ ሁለቱ ተደራርበው አንድ መስለዋል። አንዱ ተጠርጎ ተሞልቷል፣ ሌላው ግን ማንም ሳይነካው ከነቆሻሻው ታሽጎበታል። አንተ በምታውቀው ሥራ ልንገርህ፤ ሁለት ኪስ ያለው ሱሪ መጥቶልህ አንዱን ኪስ ብቻ አራግፈህ፣ ሌላውን ከነጉዱ አፉን ሰፍተህ እንደ መመለስ ነው። በዚያ ላይ ከላይ የሚለብሰው ቆብ፣ ክራውን የሚሉት አልተደረገለትም። እንዲህ ያለ ጥርስ ውስጡ ስለተቦረቦረ ይደርቃል፣ ክር እየበጠሱበት ደግሞ ቢሰነጠቅ አይፈረድበትም አለችኝ።

ካርዱንና ራጁን ይዤ ዋናው ዶክተር ቢሮ ገባሁ። ልዋሽብህ አልፈልግም፣ ሰውየው እጁ የተባረከ ነው፣ ስንቱን እያለቀሰ የገባ ሰው እያሳቀ ሲያስወጣ አይቻለሁ። አንድ ቦይ ማጣት በማንም ሐኪም ይደርሳል ብላኛለች አዲሷም። እኔ የፈለግሁት እሺ፣ ይምጣና እንየው እንዲለኝ ብቻ ነበር። ራጁን አየት አደረገና በሽተኛው ምን ብሏል አለኝ። ደህና ነኝ ብሎ ነበር አልኩት። ማን ጻፈው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እንግዲያው ጠብሽ ከገዛ እጅ ጽሑፍሽ ጋር ነው ብሎኝ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። በሽተኛው ራሱ መጥቶ ካልተናገረ ቁጥሩን አልነካም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ሞኝ እንኳ አይደለም፣ ወረቀቱን የሙጥኝ ያለ ጎበዝ ሰው ነው፣ እሱ ነው የሚብሰው። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ያለቀስኩት በንዴት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረግኩ ስማ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ስልኩን ይዤ ጤነኛ ያልኳቸውን ሰዎች ደግሜ መደወል ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር እንዴት ነዎት ማለቱን ተውኩት። ሰላም እልና ወዲያው፣ ለመሆኑ የሚያኝኩት በየት በኩል ነው እላለሁ። ለእንዴት ነህ መልሱን ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ነው ያጠናነው፤ ለዚህ ግን ማንም መልስ አላስጠናንም፣ ስለዚህ እውነቱ ነው አምልጦ የሚወጣው። ዳቦ ጋጋሪዋ በቀኝ ነዋ፣ በግራ ያከማችሁኝ አይደል እንዴ አለችኝ። ቀጥዬ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ወዴት በኩል ያሳልፉታል እላለሁ። መጨረሻ ላይ ጥርሱ አፍዎ ውስጥ አለ ወይ እላለሁ። ይሄን ሦስተኛውን አስተማሪው ናቸው ያስተማሩኝ።

በሦስት ቀን ምሳ ሰዓት ሠላሳ አንድ ሰው አገኘሁ። ሃያዎቹ እውነትም ደህና ናቸው፣ በሁለቱም በኩል ያኝካሉ፤ እንዲያውም አንዷ በዚያው ጥርሷ አጥንት እንደምትቆረጥም ነገረችኝ። አሥራ አንዱ ግን አይደሉም። አራቱ ጥርሱን ሌላ ቦታ አስነቅለውት ኖሯል። ሰባቱ እንደ አንተው በአንድ ጎን እያኘኩ፣ ማስታገሻ እየዋጡ፣ ለእኔ ደህና ነኝ ያሉ ናቸው። አንድ አናጢ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው፣ እንዲያ በትሕትና ስትጠይቂኝ እንዴት አሞኛል እልሻለሁ አለኝ። ስልኩን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

አሁን አንተ ይሄን አንብበህ፣ ይኸው፣ ሕክምናው ከንቱ ነው፣ ገና ድሮ ማስነቀል ነበረብኝ እንዳትለኝ። አውቅሃለሁ፣ እንደምትለው። ሃያዎቹን ካርዳቸውን አገላብጬ አየሁ። ብዙዎቹ በተባሉበት ቀን ተመልሰው ቆቡን ያስደረጉ፣ ሙሌታቸው ሲሸራረፍ ሳይውል ሳያድር ያስጠገኑ፣ አሞኛል ለማለት ያላፈሩ ሰዎች ናቸው። ሕክምናው ይሠራል። የማይሠራው በሽተኛው ትሑት፣ ሐኪሙ ኩሩ፣ ካርድ ጸሐፊዋ ችኩል ስትሆን ነው። ሦስታችንም አንተ አፍ ውስጥ ተገናኘን።

ትናንት ዓርብ ዋናው ዶክተር ስደውል ደረሰብኝ። አልጮኸብኝም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከነሽቦው ነቅሎ ወደ ቢሮው ወሰደው፣ ካርድ ክፍል የሚደውል ሰው ካለ በእኔ በኩል ይደውል አለ። ግድግዳው ላይ አሁን ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። እኔም ዛሬ ማለዳ ገብቼ የአሥራ አንዱን ሰዎች ካርድ አወጣሁ፣ የአንተን ጨምሬ አሥራ ሁለት። በእያንዳንዱ ላይ «ጤነኛ» ያልኩትን በቀይ ሰርዤ «ያልተሳካ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ። አዲሷ ዶክተር ሳልለምናት መጥታ ከጎኔ ፈረመች። ሰኞ ሲያየው ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። የራሴን ስህተት በራሴ እጅ ነው ያረምኩት፣ ከዚህ ካባረረኝም ያባርረኝ።

ግን አደራህን፣ የምጠራህ ለእሱ ቁጥር ብዬ እንዳይመስልህ። ቁጥሩ ገደል ይግባ። የምጠራህ ለጉንጭህ ነው። አዲሷ ዶክተር ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሯን ለአንተ ይዛለች፣ ቀጠሮውን እኔው ራሴ መዝግቤዋለሁ። ጥርሱ ካልተሰነጠቀ ከፍታ ሁለተኛውን ቦይ ትጠርገዋለች፣ ከዚያ ቆብ ይደረግለታል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ይወጣል፣ ምን ታደርገዋለህ። ሁለቱም ከአሁኑ ይሻላል። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ ማክሰኞ ተነስ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደርድሮብኛል እንደምትለኝም አውቃለሁ። ልጆቹ ለአንድ ሳምንት ባለፈው ዓመት ሱሪያቸው ይሂዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ቢታይ አይሞቱም።

ይሄን ደግሞ ቆመህ አንብበው። እብጠቱ ወደ አንገትህ ከወረደ፣ አፍህን እንደ ልብህ መክፈት ካቃተህ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረህ፣ ትኩሳት ከያዘህ ማክሰኞንም እኔንም አትጠብቅ። በዚያችው ሰዓት እዚያው ያለው ሆስፒታል ግባ። ሱቅ ልዝጋ፣ ልብስ ልለውጥ አትበል። ስትደርስ እንዴት ነህ ቢሉህ ደህና ነኝ እንዳትል አፈር ስሆን። ታምሜአለሁ በል። አንድ ቃል ነው፤ ከአፍህ ካልወጣልህ እትዬ ትበልልህ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእትዬ፣ እጇን ሳምኩ በላት፤ ከዚያ ቤት ሁሉ አንድ እሷ ናት እውነት የነገረችኝ። የአንገት ልብስህንም ወስዳ ትደብቅልኝ። ለትልቋ፣ ፈተናዋ እንዴትም ቢሆን ኮርቼባታለሁ በላት፤ የእጅ ባትሪውን ይዛ ጠዋትና ማታ አፍህን ታይልኝ፣ አንተ የምትላትን ሳይሆን ያየችውን ለእናቷ ትንገራት። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሙልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን ስማችሁ እውነቱን ንገሯት። እንዳትሰማ ብላችሁ እንዳትደብቋት፣ ቀለል ብሎኛል የሚል ሰው አንዴ ቀብራለችና ከማናችንም በላይ መስማት ያለባት እሷ ናት። ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። እስክታነበው ቆሞ እንዲያይህ አደራ ብዬዋለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሲመለስ ከኋላው ያለው የመጀመሪያው ወንበር ያንተ ነው።

አንተ አሳድገኸኛል፣ አስተምረኸኛል፣ ራስህ ያላገኘኸውን ለእኔ አድርገሃል። ከአንተ ሌላ ታላቅ የለኝም፣ ስላልኩህ ሁሉ ስትመጣ ትቆጣኛለህ፣ እኔም ራሴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ለዚህ ደብዳቤ ግን መልስ አትጻፍልኝ። መልሱ አፍህ ውስጥ ነው፤ ይዘኸው ና።

ታናሽ እህትህ

ከክሊኒኩ ካርድ ክፍል
ቅዳሜ፣ መጋቢት 14 ቀን